የመጀመሪያው ሶፍ በስንት ይሸጣል?

ጁሙዓ ቀን ወደ መርካቶው ታላቁ አንዋር መስጂድ ማልዶ የሄደ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ቀድሞ የደረሰ ከፊት ይቀመጣል፤ የዘገየ ከኋላ፣ ቦታ ከሞላም ከግቢው ውጭ አስፋልት ላይ መስገጃውን ያነጥፋል። በመኪና የመጣው ነጋዴና ጆንያ ሲሸከም ያረፈደው ወዛደር ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይቆማሉ። ነጋዴው ከዘገየ ወዛደሩ ከፊቱ ነው። «ለመስጂዱ ማሠሪያ ይህን ያህል ሺህ ብር ሰጥቻለሁና ከፊት ቦታ ይያዝልኝ» የሚል ሰው ቢነሳ ጀመዓው «አስተግፊሩላህ» ብሎ ፊቱን ያዞርበታል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የአዛንንና የመጀመሪያውን ሶፍ ምንዳ ሰዎች ቢያውቁ ኖሮ ዕጣ እስከ መጣጣል ይደርሱ እንደነበር አስተምረዋል። ልብ እንበል! ዕጣ አሉ እንጂ ጨረታ አላሉም። ዕጣ ለድሃውም ለሀብታሙም እኩል ይወጣል።

እንግዲህ ከመስጂዱ በር ወጥተን ዛሬ ሰዉ ሁሉ ወደሚሰበሰብበት ሌላ አደባባይ እንሂድ። ይህ አደባባይ በየኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ ነው። ወሬ የሚሰማው እዚያ ነው፤ የሞተ የሚረዳው፣ የታመመ እርዳታ የሚጠየቅለት፣ ዳዕዋ የሚደረገው፣ የተበደለም አቤት የሚለው እዚያው ነው። ታዲያ በዚህ አደባባይ የመጀመሪያው ሶፍ እየተሸጠ ነው። ጥያቄያችንም ይህ ነው፦ ይህን ሽያጭ እንደ ማንኛውም ንግድ አይተን እንለፈው? ወይስ በውስጡ ልንጠይቀው የሚገባ በደል አለ?

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

የአሜሪካው ባለሀብት ኢሎን መስክ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ትዊተርን በ44 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ሲገዛም ድርጅቱ ለሰው ልጆች ሁሉ የጋራ የመነጋገሪያ አደባባይ እንዲሆን እንደሚፈልግ ተናግሮ ነበር። ወር ሳይሞላ ግን ከስም አጠገብ የሚቀመጠው ሰማያዊ ምልክት በወር 8 ዶላር ለሚከፍል ሁሉ መሸጥ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ከፋይ የሆነ ሰው ለሌሎች የሚሰጠው መልስ ከሌላው በላይ ከፍ ብሎ ይታይለታል። በጥቅምት 2023 ደግሞ ክፍያው በሦስት ደረጃ ተከፈለ፤ ይበልጥ የከፈለም መልሱ ይበልጥ ከፍ እንዲልለት ተደረገ።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2023 ሌላ ነገር መጣ። ባለቤቱ በአንድ ቀን ሊነበብ በሚችለው ጽሑፍ ላይ ገደብ ጣለ። ለከፋዮች 6,000፣ ለማይከፍሉ 600፣ አዲስ ለመጡና ለማይከፍሉ 300 ብቻ። በዚያው ዕለት ቁጥሩ ከፍ እንዲል ቢደረግም የአሥር እጥፍ ልዩነቱ አልተነካም። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በኒውዚላንድና በፊሊፒንስ አዲስ የሚመዘገቡ ሰዎች ለመጻፍ በዓመት 1 ዶላር እንዲከፍሉ ሙከራ ተጀመረ። ማንበብ ብቻ ለሚሻ በነጻ ነው፤ አፉን ሊከፍት የሚሻ ግን ይክፈል ማለት ነው።

የጽሑፉ ርዝመትም እንዲሁ ነው። ያልከፈለ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጽፈው 280 ፊደል ነው፤ የከፈለ እስከ 25,000 ይጽፋል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ። በዚህ ቆጠራ የላቲን ፊደል እንደ አንድ ሲቆጠር የኛ የግዕዝ ፊደል እንደ ሁለት ይቆጠራል። ስለዚህ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው 280 የተባለው 140 ነው። አንዱ ፊደላችን ተነባቢንና አናባቢን አንድ ላይ ስለሚይዝ ይህ ብቻውን በደል ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን ሚዛኑን የያዘው ሰው ማን እንደሆነና ሚዛኑ ሲሠራ እኛ እንዳልተጠየቅን ያሳየናል።

ይህ የአንድ ድርጅት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው ሜታ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2023 ጀምሮ የማረጋገጫ ምልክት በወርሃዊ ክፍያ ይሸጣል። በአገራችን በስፋት የምንገለገልበት ቴሌግራምም ከሰኔ 2022 ጀምሮ ከፋይና ከፋይ ያልሆነን ለይቷል፤ ያልከፈለ 500 ቻናልና ግሩፕ ድረስ ሲገባ የከፈለ 1,000 ይገባል፤ ያልከፈለ 2 ጊጋባይት ፋይል ሲልክ የከፈለ 4 ይልካል። ሰው እንዳይሳሳት፣ ሁሉም እኩል ናቸው ማለታችን አይደለም። ፋይል በትልቁ መላክ የመጫኛ ዋጋን ይመስላል፤ ትልቅ ዕቃ የጫነ የበለጠ ይከፍላል። በጉባኤ መካከል የማንኛው ድምፅ ከፍ ብሎ ይሰማ የሚለውን በገንዘብ መወሰን ግን ሌላ ነገር ነው።

ለባለቤቱም እንከራከርለት

ፍትሕ የሌላውን ወገን ክርክር መስማት ይጠይቃልና የባለቤቱን እንስማ። ይህ አደባባይ በነጻ አልተሠራም። ማሽን አለው፣ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ሠራተኛ ደመወዝ ይፈልጋል። በሰው ስም የሚጽፉ፣ ሰው ያልሆኑ አካውንቶችም በሺህ እየተፈለፈሉ አደባባዩን በሐሰት ይሞላሉ፤ ጥቂት ክፍያ ቢጣልባቸው ይቀንሳሉ። የሐምሌ 2023ቱ ገደብም የወጣው ሌሎች ድርጅቶች የሰዎችን ጽሑፍ በማሽን እያፈሱ ስለሚወስዱ ነው ተብሏል። ከዚህም በላይ ንብረቱ የግል ነው። ሸሪዓችን የሰውን ንብረት ያከብራል፤ ነጋዴ በዕቃው ላይ ዋጋ ቢተምን ማን ይከለክለዋል?

«ይህ አሁን በእጃችሁ የያዛችሁት ጋዜጣስ መቼ በነጻ ይታደላል?» የሚል አንባቢም ይኖራል። እውነቱን ነው፤ ወረቀትም ማተሚያ ቤትም ያለ ገንዘብ አይንቀሳቀሱም። ይሁን እንጂ ልዩነቱን እንይ። ጋዜጣ ለሀብታሙም ለድሃውም ዋጋው አንድ ነው። አንዱ የገዛውን አሥር ሰው ያነበዋል፤ መግዛት ያቃተውም በአዲስ አበባ መንገድ ዳር ተከራይቶ አንብቦ ሲመልስ ኖሯል። የአንባብያን ደብዳቤ የሚወጣበት አምድ «ደብዳቤህ ከላይ እንዲታተም ይህን ያህል ክፈል» ብሎ አያውቅም፤ ብሎ ከተገኘም ያ ጋዜጣ አንባቢውን ከድቷል። ማስታወቂያ የከፈለ ሰው ቢኖርም «ማስታወቂያ» ተብሎ በሣጥን ይለያል እንጂ ከዜናው ጋር አይቀላቀልም።

ገደብ በራሱ ክፉ አለመሆኑንም እንቀበል። ዲናችን አንደበትን ይገድባል። በአላህና በመጨረሻው ቀን የሚያምን ሰው መልካም ይናገር ወይም ዝም ይበል መባሉ የታወቀ ነው። ኹጥባ ሲሰጥ አጠገብ ያለውን ሰው «ዝም በል» ማለት እንኳ ተከልክሏል። ይህ ገደብ ግን ለሁሉም እኩል ነው። ኹጥባ እየተሰጠ ለመነጋገር የሚያስችል ፈቃድ በገንዘብ አይገዛም። ስለዚህ ጥያቄው ስለ ገደቡ አይደለም፤ ከገደቡ ነጻ መውጫውን ስለ መሸጥ ነው።

በቁርአን የተወሳ «ክፍያ»

ገንዘብ ከፍሎ ቀርቦ የመነጋገር ጉዳይ በእስልምና ታሪክ ጨርሶ ያልታወቀ አይደለም። በሱረቱል ሙጃደላ ውስጥ አላህ (ሱ.ወ.) ምእመናን ከመልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር በግል ለመነጋገር ሲሹ አስቀድመው ምጽዋት እንዲሰጡ አዝዞ ነበር። ሙፈሲሮች እንደሚያስረዱት ሰዎች በየሰበቡ እየተነሱ ነቢዩን በግል ንግግር ያበዙባቸው ስለነበር ነው። አንድ ሰው ጊዜው ውስን ነውና ገደብ አስፈለገ።

አሁን የዚያን ገደብ አሠራር ልብ ብለን እንመርምር። አንደኛ፣ ገንዘቡ ወደ መልእክተኛው ኪስ አልገባም፤ ምጽዋት ነውና የሚሄደው ለድሃ ነው። ሁለተኛ፣ የሚሰጠው ያጣ ሰው በዚያው አንቀጽ ውስጥ ነጻ ተደርጓል፤ ድህነቱ ከመልእክተኛው በር አላስመለሰውም። ሦስተኛ፣ ቀጥሎ ባለው አንቀጽ ትእዛዙ ለሁሉም ተነሳ። በተፍሲር መጻሕፍት እንደተዘገበው ትእዛዙ ከመነሳቱ በፊት የፈጸሙት ዐሊይ (ረ.ዐ.) ብቻ ነበሩ። ከዚህ የምንማረው ክፍያው ሰዎች ንግግራቸውን እንዲመዝኑ ማስተማሪያ እንጂ ባለገንዘብን ማቅረቢያና ድሃን ማራቂያ እንዳልነበረ ነው።

ዛሬ በስልካችን ውስጥ ያለው ክፍያ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር በሦስቱም ነጥብ ተገልብጧል። ገንዘቡ ወደ ባለቤቱ ይገባል። የሌለው ሰው ነጻ አይወጣም፤ እንዲያውም ገደቡ የተጣለው በእሱ ላይ ነው። ክፍያው ደግሞ እንደመቃለል በየጊዜው ደረጃ እየጨመረ ይሄዳል።

ምስክርነት ሲሸጥ

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው ግን የምልክቱ መሸጥ ነው። ሰማያዊው ምልክት እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጀመር በታወቁ ሰዎች ስም እየተጻፈ ሕዝብ ስለተታለለ ነበር። ምልክቱ «ይህን ጽሑፍ የጻፈው በእርግጥ እገሌ ነው» ብሎ የሚመሰክር ነበር። አሰጣጡ አድልዎ ነበረበት የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ትክክልም ሊሆኑ ይችላሉ። ቢሆንም ምስክርነት ነበር። በኅዳር 2022 ይህ ምስክርነት 8 ዶላር ሲተመንበት ምን ሆነ? ወዲያውኑ አንድ ሰው ኤሊ ሊሊ በተባለው የአሜሪካ መድኃኒት አምራች ስም አካውንት ከፍቶ፣ ምልክቱን ገዝቶ፣ «ኢንሱሊን ከእንግዲህ በነጻ ነው» ብሎ ጻፈ። እውነተኛው ድርጅት ለሕዝብ ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደደ። ኢንሱሊን ካጣ የሚሞት የስኳር ሕመምተኛ ያንን ሲያነብ ምን ተሰምቶት ይሆን? የአውሮፓ ኅብረት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2025 ድርጅቱን 120 ሚሊዮን ዩሮ ሲቀጣው ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ምልክት ተጠቃሚውን ያሳስታል የሚል ነው።

እኛ ሙስሊሞች ይህን ለመረዳት ከአውሮፓ ፍርድ አንጠብቅም። የሐዲስ ሊቃውንቶቻችን ዒልም የቆመው የተናጋሪውን ማንነት በመመርመር ላይ ነው። አንድ ሐዲስ ሲቀርብላቸው ማን ነገረህ፣ እሱስ ከማን ሰማ፣ ሰውየው ታማኝ ነው፣ ትዝታው ጽኑ ነው፣ ከነገረው ሰው ጋር ተገናኝቷል እያሉ ሰንሰለቱን አንድ በአንድ ይፈትሹ ነበር። በዚህ ሚዛን ስንት ሀብታምና ባለሥልጣን ዘጋቢ «ደካማ» ተብሎ ተጥሏል፤ ስንት ነጻ የወጣ ባሪያና ልጁስ «ታማኝ» ተብሎ ተይዟል! «ታማኝ» የሚለው ቃል በዲናር ቢሸጥ ኖሮ ዛሬ በእጃችን የሚቀር ሱንና ባልነበረ ነበር። እነሆ በዘመናችን ታማኝነትን የሚመስል ምልክት በወር ይከራያል። ገንዘቡ ሲቋረጥ «ታማኝነቱም» ይነሳል። ሰውየው ትናንትና ዛሬ ያው ሰው ነው፤ የተለወጠው ኪሱ ብቻ ነው።

የኢብን ኡሙ መክቱም ትምህርት

የማን ድምፅ ይሰማ ለሚለው ጥያቄ ከዐበሳ ሱራ የበለጠ መልስ አናገኝም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የቁረይሽ ታላላቆችን ወደ እስልምና እየጠሩ ሳለ ዓይነ ስውሩ ኢብን ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ.) መጥቶ እንዲያስተምሩት ጠየቀ። ነቢዩ ጉዳያቸው ዓለማዊ ጥቅም አልነበረም፤ እነዚያ ሹማምንት ቢሰልሙ ተከታዮቻቸውም ይሰልማሉ ብለው ለዲኑ አስበው ነበር። በዛሬው ቋንቋ «ብዙ ተከታይ ያላቸውን» አስቀደሙ ልንል እንችላለን። ይህ በጎ አሳብ እያለ እንኳ አላህ (ሱ.ወ.) መልእክተኛውን ወቀሰ፤ ሊማር ፈልጎ እየሮጠ የመጣው ራሱን ከበቃው ይልቅ ጆሮ እንደሚገባው አሳወቀ። ወቀሳውም እስከ ቂያማ እንዲነበብ በቁርአን ተመዘገበ።

ያ ዓይነ ስውር ኋላ በመዲና ከቢላል (ረ.ዐ.) ጋር ሙአዚን ሆነ፤ ነቢዩም ከከተማ ሲወጡ ሕዝቡን እንዲያሰግድ ይተኩት ነበር። ቢላልም ማን እንደነበረ እናውቃለን። በባርነት የተገዛ፣ በመካ አሸዋ ላይ የተሠቃየ የሐበሻ ልጅ ነው። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ መካ ስትከፈት ከዕባ ላይ ወጥቶ አዛን እንዲያሰማ የታዘዘው እሱ ነው። በዚያ ቀን በመካ ከእሱ የሚበልጥ ባለገንዘብ ሞልቶ ነበር። ከፍ ያለው ቦታ ግን ለገንዘብ አልተሰጠም።

ነገሩ በእኛ ቤት

«ይህ የነጮች ጉዳይ ነው» የሚል ካለ ተሳስቷል። የአገራችን ሙስሊም በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ ተነስቶ «ድምፃችን ይሰማ» ሲል የየሳምንቱ መልእክት ከከተማ ከተማ የደረሰው በአብዛኛው በፌስቡክ ነበር። በሬዲዮና በቴሌቪዥን የራሳችንን ቃል የምናሰማበት ቦታ አልነበረንም። ያን ጊዜ ያንን መልእክት የጻፈ ሰው «ወደ ብዙዎች እንዲደርስልህ በዶላር ክፈል» ቢባል ኖሮ ከየት ያመጣ ነበር? ዛሬ አንድ ከተማ ውስጥ ግፍ የደረሰበት ሰው ቢጽፍ፣ ገንዘብ ከፍሎ ተቃራኒውን የሚጽፍ ሰው ከላይ ይቀመጣል። የተበደለው ከታች ነው።

ክፍያው ለእኛ በዶላር መሆኑም ሌላ ሸክም ነው። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 8 ዶላር በባንክ ዋጋ 460 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከ800 ብር በላይ ሆነ። ባሕር ማዶ ላለ ሰው የሁለት ሲኒ ቡና ዋጋ የሆነው ነገር ለእኛ ዘበኛና ለእኛ ጽዳት ሠራተኛ የልጅ ደብተርና የቤት ዘይት ነው። ብሩ ቢኖር እንኳ በውጭ ምንዛሬ የሚከፍል ካርድ ያለው ስንቱ ነው? ብዙው ሰው ጅዳ ወይም ዱባይ ያለች እህቱን፣ ዋሽንግተን ያለ የአጎቱን ልጅ መለመን ይኖርበታል።

ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ድረስ ለአምስት ወር ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገራችን ተዘግተው እንደነበር አንረሳም። ሰዉ በቪፒኤን ተሻግሮ ይገባ ነበር። ከፍሎ የተጠቀመ እንዳሻው ሲገባ፣ በነጻ የተጠቀመ ሲቆራረጥበትና ኮታው ሲያልቅበት ይውል ነበር። በር ሲዘጋ ባለገንዘብ በመስኮት ይገባል፤ ደጅ የሚያድረው ሌላው ነው። ይህን ያየ ሰው የክፍያ አጥር ምን እንደሆነ ማስተማሪያ አያሻውም።

የሩማ ጉድጓድ

ታዲያ ምን ይደረግ? ባለቤቱን በመሳደብ የሚመጣ ነገር የለም። ታሪካችን የተሻለ መንገድ ያሳየናል።

ሙሃጅሮች መዲና በገቡ ጊዜ የጣፈጠ ውኃ የሚገኝበት ጉድጓድ ሩማ የሚባለው ነበር። ባለቤቱ ውኃውን ይሸጥ ነበር። ድሃው ሰሐባ ይቸገር ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጉድጓዱን አልነጠቁም፤ ባለቤቱንም አላስገደዱም። ይልቅ ጉድጓዱን ገዝቶ የራሱን ባልዲ ከሙስሊሞች ባልዲ እኩል ለሚያደርግ ሰው በጀነት የተሻለ እንደሚጠብቀው አበሠሩ። ዑስማን ኢብን ዐፋን (ረ.ዐ.) ተነሱ። በአንዳንድ ዘገባ መጀመሪያ ግማሹን ገዙ፤ አንድ ቀን የእሳቸው፣ አንድ ቀን የባለቤቱ ሆነ። ሰዉ በዑስማን ቀን የሁለት ቀን ውኃ እየቀዳ ስለወሰደ በባለቤቱ ቀን የሚገዛ ጠፋ። በመጨረሻም ቀሪውን ሸጠላቸው። ዑስማንም ለሁሉም ወቅፍ አደረጉት።

«ባልዲውን ከሌሎች ባልዲ እኩል ማድረግ» የሚለውን አሳብ ልብ እንበል። ዑስማን ገንዘቡን ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ነገር ግን ለእሳቸው ባልዲ የተለየ ወረፋ አልነበረም። ገዢው ራሱን ከሕዝቡ ሶፍ ውስጥ አስገባ። በዘመናችን አደባባይ የጎደለው ይህ ነው።

እንዲያውም በእኛና በሩማ ጉድጓድ መካከል አንድ ልዩነት አለ። የሩማን ውኃ ያመነጨው አላህ ነው፤ ሰዎቹ ይቀዱ ነበር እንጂ አልሞሉትም። የዛሬውን ጉድጓድ ግን የምንሞላው እኛው ነን። ባለቤቱ ማሽን አቆመ፤ ወሬውን፣ ዕውቀቱን፣ ቀልዱን፣ ለቅሶውን ያመጣው ሕዝቡ ነው። ሰው የሌለበት ማኅበራዊ መገናኛ ባዶ ቤት ነው። እንግዲህ እኛ በባልዲ ያመጣነውን ውኃ ተመልሰን እየገዛን መሆኑን ስናውቅ፣ «ንብረቱ ነው፣ እንዳሻው ያድርግ» የሚለው ክርክር ግማሹ ይወድቃል። ፉቀሃእ በግል ጉድጓድ ውስጥ እንኳ ከባለቤቱ ፍላጎት የተረፈውን ውኃ ከተጠማ መከልከል እንደማይገባ ያስተማሩት በከንቱ አልነበረም።

በዚህ ዓለም የወቅፍን ጠባይ የሚመስል ነገር በበይነ መረብ ላይ ጨርሶ ጠፍቷል ማለት አይቻልም። ዊኪፒዲያ የተባለው መዝገበ ዕውቀት እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በፈቃደኞች ጉልበትና በሰዎች ልገሣ ይኖራል። አንባቢውን አያስከፍልም፤ የለገሠ ሰውም ጽሑፉ ከሌላው ከፍ አይልለትም። ሙስሊም ያልሆኑ ሰዎች ይህን ማድረግ ከቻሉ፣ የዑስማን ወራሾች ነን የምንለው እኛ ምን ሠራን?

መስጂድ ለማነጽ ሀብታሞቻችን እጃቸውን ሲዘረጉ አይተናል፤ አላህ ምንዳቸውን ይክፈላቸው። ነገር ግን የመርካቶ ነጋዴዎቻችንና በውጭ ያሉ ወገኖቻችን ለሕዝበ ሙስሊሙ ቃል የሚሆን ወቅፍ ሲያቆሙ አላየንም፤ ካለም እጅግ ጥቂት ነው። የሱቅ ኪራዩ ለአንድ ጋዜጣ ወረቀት መግዣ፣ ለአንድ ሬዲዮ ጣቢያ፣ ለአንድ ድረ ገጽ ማቆያ የሚውል ሕንፃ ቢኖር፣ ነገ ባሕር ማዶ ያለ ባለሀብት ዋጋ ሲጨምር አፋችን አይያዝም። እስከዚያው ድረስም ቢያንስ ይህን እናድርግ፤ መስጂዶቻችንና መድረሳዎቻችን የጀናዛን ወሬ፣ የዘካ ጥሪን፣ የዑለማን ትምህርት በተከራዩት አደባባይ ላይ ብቻ አይተዉ። በራሳቸው ድረ ገጽ፣ በወረቀት፣ በመስጂድ ሰሌዳ፣ በአፍም ያድርሱት። በሰው ጉድጓድ ላይ ብቻ የተመሠረተ ቤት አንድ ቀን ይጠማል።

ከፋዩስ?

«እኔ ለዳዕዋ ስል ብከፍል ኃጢአት ነው?» የሚል ወንድም ወይም እህት ይኖራል። በዚህ ላይ ፈትዋ መስጠት የዑለማ እንጂ የጋዜጠኛ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ለራሳችን ልንጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ። ምልክቱን የምንፈልገው ሐቁ እንዲደርስ ነው፣ ወይስ ስማችን እንዲያበራ? መልሱን ከአላህና ከራሳችን በቀር የሚያውቅ የለም። ከፍለን ከፍ ካልን ደግሞ ዕዳችን አብሮ ከፍ ማለቱን አንርሳ። 25,000 ፊደል ለመጻፍ የተፈቀደለት ሰው ስለ 25,000 ፊደል ይጠየቃል። ትከሻችን ላይ ያሉት ጸሐፊዎች ከፋይና ከፋይ ያልሆነ አይለዩም፤ ለእነሱ መዝገብም የቀን ገደብ የለበትም።

ያልከፈልነውም ሥራ አለን። ጽሑፍ ከላይ ስለተቀመጠ ብቻ እውነት አይሆንም። ጣታችን ትንሽ ታግሣ ወደ ታች ትውረድ። ከመቶኛው መልስ ሥር፣ ምልክት ከሌለው ስም አጠገብ፣ አንድ የተበደለ ሰው የጻፈው ቃል ሊኖር ይችላል። ኢብን ኡሙ መክቱም በዘመናችን ቢመጣ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ባለቤቱ ከታች አድርጎ ቢያስቀምጠው፣ እኛ አንብበን ለሌላው ብናደርሰው ከፍ ይላል። ለዚህ ዶላር አያሻም።

ጁሙዓ ሲመጣ አንዋር መስጂድ በር ላይ እንደገና እንገናኛለን። ወዛደሩ ቀድሞ ከደረሰ ከፊት ይቆማል። ከኋላው የቆመው ባለሀብት ቅር አይለውም፤ ሕጉ ከማን እንደመጣ ያውቃልና። ከመስጂድ ስንወጣ ያንን ሕግ በር ላይ ከጫማችን ጋር ትተነው አንውጣ።

አላህ (ሱ.ወ.) ሐቅን ሐቅ አድርጎ ያሳየን፤ ከደካማው ድምፅ ጆሮአቸውን ከማያዞሩት ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።